መልስ፦ 6/(3+√3)ን በ√3 ባበዛውም ሩቱ (√) ከታች አልጠፋ አለኝ

ወንድሜ፣ በ√3 ማብዛት የሚሠራው ታህቱ (የታችኛው ቁጥር) ብቻውን √3 ሲሆን ነው። 6/√3 ቢሆን ኖሮ ላይም ታችም በ√3 አብዝተህ 6√3/3፣ ማለትም 2√3 ብለህ ትገላገል ነበር። ያንተ ግን 3+√3 ነው። በ√3 ስታበዛው 3√3+3 ይሆናል፤ ሩቱ ቦታ ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም።

መላው ኮንጁጌት ነው፤ ይኸውም ያው ታህት የመሀሉ ምልክት ተገልብጦ። ስለዚህ +ን ወደ − ብቻ ገልብጠህ ላይም ታችም በ(3−√3) አብዛ። ታች፦

(3+√3)(3−√3) = 9−3√3+3√3−3

መሀል ያሉት ሁለቱ ተጣፉ፣ 6 ቀረ። ላይ ደግሞ 6(3−√3) አለህ። እዚህ ጋ አደራ፣ ቅንፉን ለመዘርዘር አትቸኩል! 6 ከ6 ጋር ይጣፋል፤ መልሱ 3−√3። ጥያቄውንም መልሱንም በካልኩሌተር ምታቸው፣ ሁለቱም 1.268 ገደማ ይሰጡሃል።

«ግን ሩቱን ከታች ለማጥፋት ለምን እንለፋለን?» ላልከው፣ ካልኩሌተር ባልነበረበት ጊዜ 1/√2ን ለማግኘት 1ን ለ1.414 በእጅ ማካፈል ራስ ምታት ነበር። √2/2 ብለህ ከጻፍከው ግን 1.414ን ለ2 መክፈል ብቻ ነው፤ 0.707፣ አለቀ።