ሺቫ ማለት «አጥፊ» ማለት ነው? ስለ አንድ ስም ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ስለ ሳንስክሪት ስጽፍ የሂንዱውን አምላክ የሺቫን ስም ጠቀስ አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። ህንድ አገር ተማሪ ሳለሁ ቋንቋውን ትንሽ ቀምሻለሁ እንጂ ሊቅ አይደለሁም። የማውቀውን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ብራህማ ፈጣሪ፣ ቪሽኑ ጠባቂ፣ ሺቫ አጥፊ ተብለን ነው የተማርነው። ስሙ ይሄው ነው አይደል?

አይደለም። ማጥፋት ሥራው ነው፣ የስሙ ፍቺ ግን ሌላ ነው። «ሺቫ» መልካም፣ ገር፣ ቸር ማለት ነው። እንዲያውም መጀመሪያ የማንም መጠሪያ አልነበረም፤ ቅጽል ነበር። ከሂንዱ መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው ሪግቬዳ 1,028 መዝሙሮች አሉት። ሺቫ የሚባል አምላክ እዚያ ብትፈልጉ አታገኙም። ቃሉ ግን አለ። የእሳቱ አምላክ አግኒም ሆነ የነጎድጓዱ አምላክ ኢንድራ «ሺቫ» ይባላሉ፤ «አንተ ቸሩ» እንደማለት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያ አመድ የተቀባ፣ እባብ የጠመጠመ፣ መቃብር ለመቃብር የሚዞር አምላክ እንዴት «ቸሩ» ተባለ?

እኔም መጀመሪያ ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። መልሱ ያለው ሩድራ ላይ ነው። ሩድራ በሪግቬዳ ቀስት ይዞ የሚዞር አስፈሪ አምላክ ነው። ሲቆጣ በሰውም በከብትም ላይ በሽታ ይልካል። መድኃኒቱም እሱው እጅ ነው፤ ከሐኪሞች ሁሉ የበለጠ ሐኪም ይሉታል። ለብቻው የተዘመሩለት ሦስት መዝሙሮች ናቸው። አንደኛው ላይ ሰዎቹ «ትልቃችንንም ትንሻችንንም አትግደል» እያሉ ይለማመጡታል።

እኛስ የምንፈራውን ነገር መቼ በስሙ እንጠራለን? «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብለን እናልፋለን። እነሱ ደግሞ ከማለፍ ይልቅ ማባበልን መረጡ። ከሪግቬዳ ሌላ ያጁርቬዳ የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ሻታሩድሪያ የሚባል ረጅም ጸሎት አለ። የሚጀምረው ለሩድራ ቁጣና ለፍላጻው እጅ በመንሳት ነው። ቀጥሎ ፍላጻው ራሱ «ሺቫ» እንዲሆንላቸው ይለምናሉ። አስቡት፣ የተነጣጠረባችሁን ፍላጻ «ቸር ሁንልኝ» ማለት! እዚያው ጸሎት ውስጥ ወረድ ብሎ «ለሺቫ፣ ከሺቫም ይልቅ ሺቫ ለሆነው» የሚል ስንኝ ይመጣል። ሲደጋገም ልመናው ስም ሆኖ ቀረ። እኔ ስሙን የማነበው እንዲህ ነው፤ «ቸር ነህ» ከማለት ይልቅ «እባክህ ቸር ሁን» ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሩድራስ ምን ማለት ነው?

የዘመኑ የቋንቋ ሰዎች አይስማሙም። ጥንታዊው ትርጓሜ ግን «ማልቀስ» ከሚለው ግስ ያመጣዋል፤ ታሪኩም ደስ ይላል። ሻታፓታ ብራህማና የሚባለው መጽሐፍ እንዲህ ይተርካል። አንድ ሕፃን ተወለደና አለቀሰ። የፍጥረታት ጌታ ፕራጃፓቲ «ለምን ታለቅሳለህ?» አለው። «ስም የለኝም፤ ከክፉ አልነጻሁም። ስም ስጠኝ» አለ ሕፃኑ። ስላለቀሰ «ሩድራ» አለው። አልበቃውም። «ከዚህ እበልጣለሁ፣ ሌላ ስጠኝ» አለ። እንዲህ እያለ ስምንት ስም ወሰደ፤ የከብቶች ጌታ የሚለው ፓሹፓቲ አንዱ ነው። መጽሐፉ እዚያው ላይ ምክር ጣል ያደርጋል፤ ልጅ ሲወለድ ስም አውጡለት፣ ሁለተኛም ሦስተኛም ጨምሩለት፣ ከክፉ ይጠብቀዋል ይላል። የቤት ስም፣ የትምህርት ቤት ስምና የክርስትና ስም ተሸክሞ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ሺቫ ያለ ሻክቲ ሬሳ ነው» የሚል አንብቤ አልገባኝም።

እህቴ፣ ይሄ ለኛ ለፊደል ልጆች የተሰራ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። በላቲን ፊደል ብቻ ያደገ ሰው ለመረዳት ይቸገራል። ሳንስክሪት የሚጻፍበት ዴቫናጋሪ እንደኛ ነው፤ ፊደሉ አናባቢውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ድምፁ ሲቀየር ምልክት ይቀጠልበታል። «ሺ» የኛ ሳልስ ናት። የ«ኢ»ን ምልክት ብታነሺባት ወደ መነሻዋ ትመለሳለች፣ «ሺቫ»ም «ሸቫ» ይሆናል። «ሸቫ» በሳንስክሪት ሬሳ ነው። ያቺን «ኢ» እንደ ሻክቲ፣ ማለትም የአምላኩ ኃይል እንደሆነችው እናት አምላክ ያይዋታል። እሷ ስትለየው መንቀሳቀስ አይችልም። ካሊ የምትባለው እናት አምላክ በተጋደመው ሺቫ ላይ ቆማ የሚያሳየውን ሥዕል አይተሽ ከሆነ፣ ነገሩ አንድ ነው። ብቻ ይሄ ከቬዳዎቹ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ትርጓሜ ነው።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነኝ። እዚህ «ሺቫ መቀመጥ» ማለት ለቅሶ መቀመጥ ነው። ዝምድና አላቸው?

የላቸውም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። የዕብራይስጡ ሰባት ቀን ማለት ነው፣ የኛው «ሰባት» ዘመድ።

ጥያቄ፦ ዮጋ ክፍል «ኦም ናማህ ሺቫያ» ያስብሉናል። ምን እያልኩ ነው?

«ናማህ» እጅ መንሳት ነው። «ናማስቴ» ከዚያው ይመጣል፤ «ለአንተ እጅ ነሣሁ»። «ሺቫያ» ደግሞ «ለሺቫ» ነው። እኛ «ለ»ን ከፊት እናስቀምጣለን፣ እነሱ የቃሉን ጭራ ይለውጣሉ። ኦምን ትተሽ ብትቆጥሪ ና፣ ማ፣ ሺ፣ ቫ፣ ያ፤ አምስት። አምስቱን ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከእሳት፣ ከነፋስና ከሰማይ ጋር ያዛምዷቸዋል። በደቡብ ህንድ ለአምስቱ አምስት ቤተ መቅደሶች አሉ። የሰማዩ ያለው ቺዳምባራም ነው። እዚያ መጋረጃው ሲገለጥ ከኋላው ምስል የለም፤ ባዶ ቦታና የተንጠለጠሉ የወርቅ ቅጠሎች ብቻ። የስሙን ትርጉም ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ያንን ባሳየው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጣዖት እያስተዋወቅህ አይደለም ወይ?

የቃል ፍቺ ተጠየቅሁ፣ የቃል ፍቺ መለስኩ። ሃይማኖትህን ያጽናልህ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ ውሻዬን «ሺቫ» ብዬዋለሁ። ነውር ነው እንዴ?

ሻታሩድሪያ ሰላምታ የማይሰጠው የለም። ለአናጢው፣ ለሸክላ ሠሪው፣ ጭራሽ ለሌቦች አለቃም እጅ ይነሳል፤ ሁሉም የሩድራ መልክ ናቸውና። መሐል ላይ «ለውሾች፣ ለውሾች ባለቤቶችም እጅ ነሣን» ይላል። ስለዚህ አንተም ውሻህም ተጠቅሳችኋል። ጎረቤትህ ሂንዱ ከሆነ ግን «ሺቫ፣ ውጣ!» እያልክ ባትጮህ ይሻላል።