ፓስፖርታችሁን ራሳችሁ ያዙ፦ በታይላንድ ለመኖር ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ለሥራም ይሁን ለትምህርት ወደ ታይላንድ ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶች የምትጠይቁኝ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የቤት ኪራይ ስንት ነው፣ ከደመወዝ ለቤተሰብ የሚላክ ይተርፋል ወይ፣ እንጀራ ይገኛል ወይ ትሉኛላችሁ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸውና ወደ እነርሱም እመለሳለሁ። ይሁን እንጂ በውኃ ምህንድስና ሙያ ረጅም ዘመን ባንኮክ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ የአገሬ ልጆች ክፉኛ ሲቸገሩ ያየሁት በኪራይ ውድነት ወይም በምግብ እጦት ሳይሆን፣ የራሳቸውን ሰነድና የራሳቸውን ቀን ሌላ ሰው እንዲይዝላቸው በመፍቀዳቸው ነው። ስለዚህ ከዚያ እጀምራለሁ።

ታይላንድ ለእንግዳ የምትመች አገር ናት። ሕዝቡ በፈገግታ ይቀበላችኋል፣ ቁጣና ጩኸት እምብዛም አትሰሙም፣ በየመንገዱ ጥግ የሚበላ አለ። ይህ ሁሉ ሕጉም የላላ ያስመስለዋል፤ ሕጉ ግን ቀን እየቆጠረ የሚሄድ ጥብቅ ሕግ ነው። ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፓስፖርታችሁ ላይ የሚመታው ማኅተም ሁለት ቀኖችን ይይዛል። አንዱ የገባችሁበት ቀን ሲሆን ሌላው እስከ መቼ እንድትቆዩ እንደተፈቀደላችሁ ያሳያል። በቪዛው ወረቀት ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በዚያ ቪዛ አገር ውስጥ ለመግባት የምትችሉበት የመጨረሻ ቀን እንጂ የቆይታችሁ ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሳትርቁ ማኅተሙን አንብቡ፣ ቀኑ ከጠበቃችሁት የተለየ ከሆነ እዚያው ጠይቁ፣ ገጹንም ፎቶ አንሡት።

ከተፈቀደው በላይ የቆየ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን 500 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ይቀጣል፤ የቅጣቱ ጣሪያ 20,000 ባት ነው። ገንዘቡ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከ90 ቀን በላይ አሳልፎ በራሱ ፈቃድ የሚወጣ ሰው ለ1 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ሲታገድ፣ ከመውጣቱ በፊት ፖሊስ የያዘው ሰው ግን ያሳለፈው ጊዜ ከአንድ ዓመት ያነሰ ቢሆንም ለ5 ዓመት ይታገዳል። «ቀኑ ቢያልፍም ምንም የለበትም፣ ስትወጣ ትከፍላለህ» የሚላችሁ ወዳጅ ይህን ልዩነት የማያውቅ ወይም የማይነግራችሁ ነው።

የረጅም ጊዜ ፈቃድ ካገኛችሁም በኋላ ቆጠራው አይቆምም። ከ90 ቀን በላይ ያለማቋረጥ የቆየ የውጭ ዜጋ የሚኖርበትን አድራሻ በየ90 ቀኑ ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል፤ ማሳወቂያው ከቀኑ 15 ቀን ቀደም ብሎ እስከ 7 ቀን ዘግይቶ ድረስ ተቀባይነት አለው፣ ካለፈ 2,000 ባት ያስቀጣል። በመጀመሪያው ጊዜ በአካል ትሄዳላችሁ፣ ባንኮክ ከሆናችሁ ቼንግ ዋታና ወደሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ፤ ከዚያ በኋላ በኢንተርኔትም ይቻላል። በአካል ስትሄዱ የሚሰጧችሁና በፓስፖርቱ ውስጥ የሚያያይዙት ትንሽ ቁራጭ ወረቀት የሚቀጥለው ቀን የተጻፈበት ነውና እንዳይጠፋባችሁ። ቤት አከራያችሁም በበኩሉ እንግዳ ማስገባቱን በ24 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ ቲኤም 30 የሚባለው ነው። ግዴታው የእርሱ ቢሆንም ደረሰኙን የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ያስመዘግብ እንደሆነ ጠይቁት። በፈቃድ ላይ እያላችሁ ለአጭር ጊዜ ከአገር ስትወጡም አስቀድማችሁ የመመለሻ ፈቃድ ካላወጣችሁ ያ ሁሉ የደከማችሁበት ፈቃድ በወጣችሁበት ቅጽበት ይሰረዛል። ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት ነው። ወላጅ ታሞ በድንጋጤ ወደ አዲስ አበባ የሚሮጥ ሰው ይህን ይረሳልና ፈቃዱን በደህና ጊዜ አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስለ ሥራ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የጎብኚ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም፣ የሥራ ቪዛ ብቻውንም የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ፈቃዱም ለተጠቀሰው አሠሪና ለተጠቀሰው ሥራ ብቻ ያገለግላል። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ሰው ከ5,000 እስከ 50,000 ባት ተቀጥቶ ከአገር ይባረራል። እንደ ፀጉር ሥራ፣ ሹፍርና፣ አስጎብኚነትና የመንገድ ላይ ንግድ ያሉት ለታይላንድ ዜጎች ብቻ የተከለሉ ስለሆኑ በእነዚህ «ፈቃድ እናወጣልሃለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ነገሩ ውሸት መሆኑን ወዲያው እወቁ። ተራ የግል ኩባንያም ቢሆን አንድ የውጭ ዜጋ ለመቅጠር በተለምዶ 2 ሚሊዮን ባት የተመዘገበ ካፒታልና 4 ታይላንዳውያን ሠራተኞች ሊኖሩት ይገባል። ቀጣሪ ነኝ የሚለው ቤት ሁለት ሰው ያለበት ጠባብ ሱቅ ከሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። እንግሊዝኛ ለማስተማር የምታስቡም የተረጋገጠ ዲግሪ፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃና ከመምህራን ምክር ቤቱ የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በማስታወቂያዎች ላይ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ብቻ የሚል ቃል ታያላችሁ፤ የሚያሳዝን ነው፣ ነገር ግን የቋንቋ ፈተና ውጤታቸውን ይዘው በሩን ያስከፈቱ የአገራችን ልጆች አሉና ተስፋ አትቁረጡ። አንድ ነገር ግን አትዘንጉ። ሥራ ስትለቁ ወይም ስትሰናበቱ በዚያ ሥራ ላይ የተመሠረተው የመቆያ ፈቃድም አብሮ ያበቃል፤ ማኅተሙ ላይ ገና ወራት ቢቀሩትም እንኳ። መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ነገር አዘጋጁ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከባንኮክ በስተሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሜሶት የምትባል የድንበር ከተማ አለች። ከእርሷ ማዶ፣ ሞዪ የተባለውን ወንዝ እንደተሻገሩ፣ የምያንማር ግዛት የሆነችው ሚያዋዲ ናት፤ በአካባቢዋም እንደ ኬኬ ፓርክ ያሉ በግንብ የታጠሩ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ተሠርተዋል። ብዙ ወጣቶች «ባንኮክ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ፣ ኮምፒውተር መጻፍ ብቻ፣ ትኬቱን እኛ እንችላለን» ተብለው ከአገር ወጥተው እዚያ ተዘግቶባቸዋል። በሐሰት የፍቅር መልእክትና በሐሰተኛ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ንግድ የሰው ገንዘብ እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ፣ እምቢ ያለ ይደበደባል፣ ለመውጣትም ከቤተሰቡ ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ታይላንድ ወደ ማዶ የምትልከውን ኤሌክትሪክና ነዳጅ ካቋረጠች በኋላ፣ በአንድ ቀን ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ጦር ከተላለፉት 260 ያህል ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከሃያ አገሮች በተውጣጣ ጭፍራ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የእኛ ልጆች መሆናቸውን ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝን ሐዘን በጽሑፍ መግለጽ አልችልም።

እነዚህ ልጆች ሰነፎች ወይም ሞኞች አልነበሩም፤ ሥራ የፈለጉ፣ የተማሩም ያሉባቸው ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ምልክቶቹን እወቁ። ቃለ መጠይቁ በቴሌግራም ብቻ ከሆነ፣ የኩባንያው ስም በየውይይቱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ለመተየብ ሥራ ያልተለመደ ትልቅ ደመወዝ ከቀረበ፣ በጎብኚ ቪዛ ግቡ ከተባላችሁ አትሂዱ። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላችሁ ሰው ፓስፖርታችሁን «ለምዝገባ» ከጠየቀ ፎቶ ኮፒ ስጡት እንጂ ዋናውን አትስጡ። ሥራው ባንኮክ ነው ተብሎ መኪናው ከከተማ ወጥቶ ሰዓታት ከተጓዘ ስልካችሁ ላይ ካርታውን ክፈቱና የት እንዳላችሁ ለቤተሰብ ላኩ፤ አቅጣጫው ሜሶት ወደምትገኝበት ወደ ታክ አውራጃ ከሆነ፣ በታክ ከተማና በሜሶት መካከል የፍተሻ ኬላዎች አሉና በኬላው ላይ ላለው መኮንን መሄድ እንደማትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ። እዚያ ላይ ማፈር አያስፈልግም።

ከዚሁ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። በባንክ ሒሳባችሁ ላይ ገንዘብ ለአንድ ቀን እንዲያልፍ ፍቀዱልኝ፣ ኮሚሽን እሰጣችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ሐበሻ ወንድማችሁም ቢሆን እምቢ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አዋጅ የባንክ ሒሳቡን ወይም ሲም ካርዱን ለሌላ ሰው ወንጀል አሳልፎ የሰጠ ሰው እስከ 3 ዓመት እንዲታሰር ወይም እስከ 300,000 ባት እንዲቀጣ፣ ወይም ሁለቱም እንዲፈረድበት ይደነግጋል። የሰው ሻንጣ ያዙልኝ ለሚልም እንዲሁ እምቢ በሉ። ጫትም በእኛ አገር ቢለመድ እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚታይ መሆኑን እወቁ። የኤሌክትሪክ ሲጋራም የተከለከለ ነው።

ወደ ዕለት ኑሮው ልመለስ። ቤት ስትከራዩ በተለምዶ የሁለት ወር ማስያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ ክፍያ ትጠየቃላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ግድግዳውን፣ ፍራሹን፣ ማቀዝቀዣውንና የመብራቱን ቆጣሪ ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ለአከራዩ በመልእክት ላኩለት፣ ስትወጡ በማስያዣው ላይ የሚነሣው ክርክር በዚያ ያልቃል። የመብራት ሒሳቡ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ የሚከፈል ነው ወይስ አከራዩ በራሱ ዋጋ ያስከፍላል ብላችሁም ጠይቁ፤ በአፕሪል ሙቀት ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ልዩነቱ ከባድ ነው። ውሉ በታይኛ ከሆነ ከአከራዩ ወገን ያልሆነ ሰው ያንብብላችሁ። ቀኖቹንም ተጠንቀቁ፣ የታይላንድ ዘመን ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማልና እ.ኤ.አ. 2025 በውሉ ላይ 2568 ተብሎ ይጻፋል። የራሳችን ዘመን ሲጨመርበት ሦስት አቆጣጠር ይሆናል፤ እኔ የፈቃድና የውል ቀኖችን ሁሉ በአንድ ደብተር በሦስቱም አቆጣጠር እጽፍ ነበር።

ለጤናችሁ ስትዘጋጁ፣ ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ ክትባቱም ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ እንዳለበት አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ ከመድረስ በፊት ባሉት 3 ቀናት የሚሞላ የመግቢያ ካርድም በኢንተርኔት አለ፤ ነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ የመንግሥቱ አይደለም። እዚያ ደርሳችሁ ኃይለኛ ትኩሳትና የአጥንት ሕመም ከያዛችሁ ወባ ነው ብላችሁ በራሳችሁ አትታከሙ፤ ቀን የምትነክስ ትንኝ የምታመጣው ደንጊ ሊሆን ይችላል፣ በደንጊ ጊዜ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ስለሚያባብሱ ፓራሲታሞል ብቻ ወስዳችሁ ተመርመሩ። በሕጋዊ መንገድ የተቀጠረ ሰው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ስለሚከፍል በተመዘገበበት ሆስፒታል ይታከማል፤ ይህም ሌላው የሥራ ፈቃድ ትርፍ ነው። መንገድ ስትሻገሩ ተሽከርካሪ በግራ በኩል እንደሚሄድ አትርሱ፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ያለ መንጃ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት ተከራይታችሁ ብትጋጩ ኢንሹራንስ የሚከፍልላችሁ አይምሰላችሁ።

የምትጾሙ ልጆች ብዙ አትቸገሩም። ቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ «ጄ» የሚል የታይኛ ፊደል የተጻፈበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም ሆነ ወተት የሌለበት ምግብ ያቀርባል፤ ተራው አትክልት ግን የዓሣ መረቅ ይጨመርበታልና አትክልት ነው ብላችሁ ብቻ አትመኑ። ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ ብዙዎች በሩዝ ዱቄት ያብቃቃሉ።

ከሰው ጋር ስትኖሩ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነገራችሁን ያበላሻል፤ በኢሚግሬሽን መስኮት ፊት የተቆጣ ሰው ጉዳዩ ሲፋጠንለት አላየሁም። የሰው ራስ አትንኩ፣ እግራችሁን ወደ ሰውም ወደ ቡድሃ ምስልም አትዘርጉ። ስለ ንጉሡና ስለ ቤተሰባቸው በቃልም በፌስቡክም አስተያየት አትስጡ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት እስራት አለው፣ የውጭ ዜጋንም አይምርም።

ስለ ገንዘብ የምመክራችሁ አንድ ብቻ ነው። የሦስት ወር መኖሪያና የመመለሻ ትኬት ዋጋ ሳታስቀምጡ ለቤተሰብ መላክ አትጀምሩ። እናት አባት ይቀየማሉ ብላችሁ አትፍሩ፣ ምክንያቱን ብታስረዷቸው ይረዷችኋል። የተረፈ ገንዘብ የሌለው ሰው ያልተከፈለ ደመወዙን ተስፋ እያደረገ መጥፎ አሠሪ ዘንድ ይቆያል፣ ቀኑም ያልፍበታል።

ከመሳፈራችሁ በፊት የፓስፖርታችሁን፣ የቪዛውን፣ የውሉንና የአሠሪውን አድራሻ ቅጂ ለአንድ የምታምኑት ዘመድ ስጡ፤ ስልክ ተነጥቃችሁ ሌላ ሰው በስማችሁ ቢጽፍ የሚያውቁበትን አንድ የቤት ውስጥ ጥያቄም ተስማሙ። የሚከተሉትን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ያዙ፦ ለቱሪስት ፖሊስ 1155፣ ለኢሚግሬሽን 1178፣ ለአምቡላንስ 1669፣ ለፖሊስ 191።