ለአሮጌ ዴስክቶፕ ራም ልትገዢ ነው? መጀመሪያ ቺፖቹን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ኮዬ ፈጬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀምረሻል። ኮምፒውተርሽ ኤችፒ ኮምፓክ 8000 ኤሊት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ፣ ራሙ (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት ሜሞሪ) 2 ጊጋ። ፓወር ግዕዝ፣ ዎርድና ክሮም አንድ ላይ ሲከፈቱ ስታክ ያደርግብሻል። ሻጩ ደግሞ «ባለ 8 ጊጋ አንድ ፍሬ ልስጥሽ፣ ዲዲአር3 ከሆነ ሁሉም ይሠራል» ብሎሻል (ዲዲአር3 የራሙ ትውልድ ነው)። ልግዛው ወይ ነው ያልሽው።

አትግዢው። ያ ማሽን በአንድ ስሎት (ራም የሚሰካበት ቦታ) ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም። አራት ስሎት ስላለው በጠቅላላው እስከ 16 ጊጋ ይሄዳል፤ ግን በባለ 4፣ ባለ 4 ነው የሚሞላው። ባለ 4 ጊጋም ቢሆን ሁሉም አይሆነውም። እኔን ኪሴን ያስነካኝ ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያንቺኑ ዓይነት ሥራ ነው የምሠራው። ማሽኔም ካንቺው ጋር የአንድ ዘመን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ባለ 4 ጊጋ ራም ልጨምር ብዬ ከተማ ገባሁ። የታክሲውን ሰልፍ ታውቂዋለሽ፤ ግማሽ ቀኔ እዚያው አለቀ። ዲዲአር3 መሆኑን አየሁ፣ ከፈልኩ፣ ተመለስኩ። ማታ ሱቁን ዘግቼ፣ የስልኬን ባትሪ አብርቼ፣ ስልኩን በጥርሴ ይዤ ሰካሁት። ቀጭ አለ። ደስ ሲል! ሳበራው ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ከዚያ የፓወሩ መብራት ቀይ ሆኖ አምስት ጊዜ ብልጭ ብልጭ አለ፤ አምስት ጊዜም ጢ ጢ አለ። ትንሽ ዐረፈና እንደገና ያንኑ ደገመው። በእነዚህ የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ላይ አምስት ጊዜ ቀይ ማለት «ሜሞሪው አልተስማማኝም» ማለት ነው። ያኔ ግን አላወቅኩም፤ ማሽኑን ገደልኩት ብዬ ነው የደነገጥኩት።

በነጋታው ራሙን ይዤ ተመለስኩ። ሻጩ ወስዶ አንድ አዲስ ማሽን ላይ ሰካው። ጥርት ብሎ ተነሳ። «ይኸው፣ ይሠራል! ችግሩ ያንተ ማሽን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ችግሩ ሲሸጥልኝ ማሽንህ ምንድን ነው ብሎ አለመጠየቁ ነው። እኔም አልነገርኩትም፣ ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው። ልከራከር ስል ጥግ ላይ ላፕቶፕ የሚፈታ አንድ ልጅ ጠራኝና ከመሳቢያው ሌላ ባለ 4 ጊጋ አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና «ቁጠር» አለኝ።

የኔ አንድ ጎኑ ላይ ብቻ 8 ጥቁር ቺፕ ነበረው፤ ጀርባው ባዶ። የሱ ፊትም ጀርባም 8፣ 8፣ በድምሩ 16። ሁለቱም 4 ጊጋ ናቸው። ሁለቱም ዲዲአር3 ናቸው። ስንጥቃቸው (እግሮቹ መሐል ያለችው ክፍተት) ሳይቀር አንድ ቦታ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 ጊጋ ለ8 ቺፕ ሲካፈል እያንዳንዱ ቺፕ 512 ሜጋባይት ይይዛል። ለ16 ሲካፈል 256። በኮር ቱ ዱዎ ዘመን ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ እሱ ሲሠራ ደግሞ ትልቁ የዲዲአር3 ቺፕ 256 ሜጋባይት ነው ተብሎ ነው የተሠራው። ከዚያ በላይ የሆነ ቺፕ ሲመጣበት እንዴት እንደሚያነበው አያውቅም። ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ግማሹን ብቻ ያያል። ባለ 8 ጊጋው እንዲሁ ነው፤ 16 ቺፕ ቢኖረውም እያንዳንዱ 512 ነው። ስለዚህ ሻጩ ሊሰጥሽ ያሰበው አንድ ፍሬ ማሽንሽ ላይ ዕድል የለውም።

ቺፕ መቁጠር ካልቻልሽ (አንዳንዱ ራም በቆርቆሮ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው) ስቲከሩን አንብቢ። አንቺ የምትፈልጊው ላይ «4 ጊጋ 2አር×8 ፒሲ3-10600ዩ» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ፊደል (4GB 2Rx8 PC3-10600U) ተጽፎ ታገኛለሽ። መጀመሪያ የ«አር»ን ነገር ልንገርሽ። ራም ከማዘርቦርዱ ጋር በአንድ ጊዜ በ64 ቢት ነው የሚያወራው። እያንዳንዱ ቺፕ 8 ቢት ሲያዋጣ 8 ቺፕ አንድ ቡድን ይሆናል። 1አር×8 ማለት አንድ ቡድን፣ 8 ቺፕ። 2አር×8 ማለት ሁለት ቡድን፣ 16 ቺፕ። ባለ 4 ጊጋ ሆኖ 1አር×8 ካለ እኔን የሸወደኝ እሱ ነው፤ መልሺው።

10600 የሚለው ፍጥነቱ ነው። 1333ን በ8 ብታባዢው ወደዚያ ይመጣል። 12800 የሚል ካገኘሽ ባለ 1600 ነው፤ ቺፑ ትክክለኛው ከሆነ እሱም ይሠራል፣ ግን ማሽንሽ ራሱ በሚችለው ልክ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስኬደው። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሁለት ራሞች አብረው ሲገቡም ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቃል። ለፍጥነት ብለሽ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ።

ከቁጥሩ ኋላ ያለችው አንድ ፊደል ግን ቁም ነገር ናት። «ዩ» ከሆነች የተለመደው የዴስክቶፕ ራም ነው። «አር» ከሆነች የሰርቨር ራም ነው። ከድርጅቶች በወጡ አሮጌ ሰርቨሮች ውስጥ የነበረ ራም ገበያው ላይ ይዞራል፤ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ያጓጓል። ስሎቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ማሽንሽ ግን አይነሳም። በዓይን የሚለይበት መንገድም አለ፤ በረድፉ 8 በመሆን ፈንታ 9 ቺፕ ይኖረዋል፣ መሐል ላይ ደግሞ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ቺፕ ተቀምጧል። ያን ካየሽ በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

ሌላም አለ። አዲስ፣ በፕላስቲክ የታሸገ፣ ርካሽ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ገበያ ላይ ታያለሽ፤ ጥግ ላይ በትንሹ «ለኤኤምዲ» የሚል ተጽፎበታል። አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አልተጻፈም። ያንቺ ፕሮሰሰር ኢንቴል ነው፤ አይሆንሽም። በኔ ግምት ለዚህ ዘመን ማሽን ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ ከሌላ አሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ሳምሰንግ፣ ሃይኒክስ ወይም ማይክሮን ይሻላል። ራም ብዙ አያረጅም። ሠርቶ የቆየ ራም ብዙ ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል።

በኮሜንት «የኔ ደግሞ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ የቺፕ ጣጣ አንተን አይመለከትም። ከሁለተኛው ትውልድ አይ3 እና አይ5 ወዲህ፣ ማለትም ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ፣ ማሽኖቹ ትልልቆቹን ቺፖች ያነባሉ። ያንተው በአራት ስሎት እስከ 32 ጊጋ ይሄዳል። የሰርቨሩ ራም ግን ላንተም አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጪ። ከ8000 ኤሊት ቀደም ብሎ የወጣው ዲሲ7900 በመልክ በጣም ይመሳሰለዋል፤ እሱ የሚወስደው ዲዲአር2 ነው። ሁለቱም 240 እግር አላቸው፣ ስንጥቃቸው ግን የተለያየ ቦታ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አልገባ ሲል በጉልበት መጫን የለም። አንድ ደንበኛዬ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ስሎቱን ሰንጥቆት መጥቷል፤ «ትንሽ ጠበቅ ብሎ ነበር» ነው ያለኝ። እና ደግሞ ወፍራም መጽሐፍ የምታህለው በጣም ትንሿ 8000 ከሆነች ያለችሽ፣ የምትወስደው የላፕቶፑን አጭሩን ራም ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሲፒዩውን (ካሳውን ማለቴ ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ስለምንጠራው) ክፈቺና ያለውን ራም አውጥተሽ እዪው። ስትገዢም እሱኑ በሶፍት ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂ። የማሽኑን ሞዴል በወረቀት ጻፊ። «እቤት ሞክሬ ካልሆነ እቀይራለሁ» የሚለውን ከመክፈልሽ በፊት ተነጋገሪ፣ ከተቻለም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ስንት ልግዛ ካልሽኝ፣ ሁለት ባለ 4 በቂሽ ነው። 8 ጊጋ ለጽሕፈት፣ ለስካን፣ ለፎቶ ማስተካከያ ይበቃል። 16 ለመሙላት አትሩጪ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኮር ቱ ዱዎን በደንቡ አይቀበልም። ማሽኑ ገና ይሠራል፣ ግን ብዙ ብር የሚፈስበት ዕድሜ ላይ አይደለም። እንዲያውም ብሩ ካጠረሽ ሁለት ባለ 4 ከመግዛት አንድ ባለ 4 ጊጋ ገዝተሽ በተረፈው ትንሽ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) አስገቢ። ማሽኑ የሚነሳበት ጊዜ ላይ ልዩነቱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ዋጋ ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።

ከመውጣትሽ በፊት ግን ዊንዶውስሽ ባለ 32 ቢት ይሁን ባለ 64 እዪ። «ዲስ ፒሲ» ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። ባለ 32 ከሆነ የፈለግሽውን ያህል ራም ብትጨምሪ ከ4 ጊጋ በታች ነው የሚጠቀመው፤ ብዙ ጊዜ 3 ጊጋና ትንሽ። እዚህ ሰፈር ፎርማት የሚያደርጉ ልጆች እጃቸው ላይ የነበረውን ባለ 32 ጭነው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ራም ተጨምሮ «ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉኝ ደንበኞች ግማሾቹ ችግራቸው ይሄ ነው። ኮር ቱ ዱዎ 64 ቢት ይችላል፤ ፋይሎችሽን ፍላሽ ላይ አስቀምጪና ባለ 64 አስጭኚ።

አገጣጠሙ ብዙ ወሬ የለውም። ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፤ ከዚያ የፓወር ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጫኚ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። የካሳውን ብረት ንኪ። የራሙን የወርቅ እግሮች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊ፤ በኛ አቧራ ይሄ ብቻውን ሞቷል የተባለ ራም ያስነሳል። አንዱን ባለ 4 ብቻውን አስገብተሽ አስነሺ። ከተነሳ አጥፊና ሁለተኛውን ጨምሪ። ሁለቱ በየቻናላቸው (ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር በሚገናኝበት በየራሳቸው መስመር) ሲቀመጡ ነው ጥንድ ሆነው የሚሠሩት፤ የትኛው ስሎት ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር የካሳው ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ በሥዕል ይኖራል። አሮጌው 2 ጊጋ ይቅርሽ፣ ለመጠባበቂያ አስቀምጪው።

መጀመሪያ ስታበሪው ጥቁር ስክሪን ላይ 164 ብሎ የሚጀምር የሜሞሪ መልእክት ቢመጣ እንዳትደነግጪ። የራሙ መጠን ተቀይሯል ነው የሚልሽ። ኤፍ1ን ተጫኚና ይቀጥላል። ቀይ አምስት ጊዜ ካበራ ግን ራሙን አውጪ፣ ላጲስ፣ ሌላ ስሎት። እንደገና አምስት ካለ ራሙ አይሆንም። ሥራ ላይ እያለ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ደግሞ የዊንዶውሱን ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ አስኪጂ። ሜምቴስትን (ራም መፈተሻ ፕሮግራም ነው) ሌሊቱን ሙሉ አስኬዱት የሚሉ አሉ፤ እኛ ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ መብራት ካደረ።

የድሮውን ራም ስቲከር በስልክሽ አንሺና እዚሁ ለጥፊልኝ። እኔ ጋ 2አር×8 የሆነ ትርፍ ባለ 4 ጊጋ አንድ ፍሬ አለ። ከኮዬ ቱሉ ዲምቱ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በይና ውሰጂው፣ ከመግዛትሽ በፊት ማሽንሽ ላይ ሞክሪው።