«መርፌ ወጋኝ፣ ግን ለማንም አልተናገርኩም»

ጥያቄ፦ ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትናንት አዳር ገብቼ ለአንድ ታካሚ መርፌ ከሰጠሁ በኋላ ክዳኑን ልመልስ ስል ጣቴን ወጋኝ። ጓንቱን አልፎ ደምቷል። በአልኮል ጠረግ አድርጌ፣ ሌላ ጓንት አጥልቄ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለኃላፊዋ ብነግራት ሰው ፊት «ማን ክዳን መልሺ አለሽ?» ብላ እንደምትጮህብኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ጓንት አድርጌ ስለነበር ምንም አልሆንም አይደል?

መልስ፦ መልእክትሽ በደረሰን ቀን ወዲያው መልሰንልሻል፤ መጽሔት እስኪታተም የሚጠብቅ ነገር አይደለማ። እዚህ የምደግመው፣ አንቺ ያደረግሽውን ስንቱ እንደሚያደርገው ስለማውቅ ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። የታካሚው ደም ኤችአይቪ ሊኖርበት ይችላል ከተባለ መከላከያው መድኃኒት፣ ፔፕ የምንለው፣ በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት። ቢዘገይ ቢዘገይ 72 ሰዓት። ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ስለዚህ «ነገ እነግራታለሁ» ማለት የለም፤ ነገ ራሱ ከ72ቱ ላይ 24ቱን ይበላል።

ጓንቱ ጠቅሞሻል። መርፌው ሲያልፍበት ላዩ ላይ ያለውን ደም በከፊል ይጠርገዋል። መርፌ ግን አያቆምም። አልኮሉ ብዙም አልረዳሽ፤ የሚያስፈልግሽ ሳሙናና ወራጅ ውሃ ነበር። ጣትን እየጨመቁ ደም ማውጣት፣ በረኪና ማፍሰስ (የሚያደርጉ አሉ!) ቁስሉን ከማስቆጣት ሌላ ፋይዳ የለውም።

አሁን እንቅልፍ የነሳሽን ነገር በቁጥር እንየው። ኤችአይቪ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች፣ መድኃኒት ባይወስዱ እንኳ፣ የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ሁላችንም የምንፈራው ግን እሱን ነው። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ሲሆን ደግሞ ክትባት ካልወሰዱ 100 ተወጊዎች፣ እንደ ደሙ ሁኔታ፣ ከ6 እስከ 30 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። እናም ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሦስቱን ዙር ክትባት ጨርሰሻል? አንዱን ወስደሽ የቀረውን ረስተሽ ከሆነ ብቻሽን አይደለሽም፣ ሥራ ሲበዛ የራስ ነገር ይረሳል፣ ግን ዛሬውኑ ተናገሪ፤ ከተወጉ በኋላም ቢሆን ቶሎ ከተሰጠ ያድናል። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለም፤ በጊዜ ከታወቀ ግን በሳምንታት የሚያልቅ ኪኒን ያድነዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ስትናገሪ ነው። ታካሚው ተጠይቆ፣ ፈቅዶ የሚመረመረው ሪፖርት ሲኖር ነው። የአንቺም ደም በዚያው ሰሞን ታይቶ ነጻ መሆንሽ ካልተጻፈ፣ ከወራት በኋላ የሆነ ነገር ቢገኝ «ሥራ ላይ ነው የተያዝኩት» ብትዪ ማን ያምንሻል? ወረቀቷን ለኃላፊሽ ሳይሆን ለራስሽ ብለሽ ሙያት። ውጤትሽ እስኪለይ ኮንዶም ተጠቀሚ፣ ደም አትለግሺ፤ ጡት የምታጠቢ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው።

ጥያቄ፦ የዋርድ ኃላፊ ነኝ። በእኛ ክፍል ስድስት ወር ሙሉ አንድም የመርፌ አደጋ አልተመዘገበም። ልጆቹን ላመስግን ወይስ ልጠርጥር?

መልስ፦ ይጠርጥሩ እንጂ! ከገንፎ ውስጥም ስንጥር አይጠፋም። በየቀኑ ደም የሚቀዳበት፣ በየሰዓቱ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ስድስት ወር ያለ አንዲት ጭረት ካለፈ ወይ ተአምር ነው፣ ወይ ሰው ፈርቷል። መጀመሪያ ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ የት እንደተቀመጠ ይዩ። ከአልጋው ርቆ ጥግ ላይ ከሆነ፣ ሰው መርፌውን እንደተከፈተ ይዞ ላለመሄድ ብሎ ነው ክዳን የሚመልሰው። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ፤ ጢም ያለ ሳጥን ውስጥ መርፌ የሚገፋ እጅ መወጋቱ አይቀርም። ክዳን የግድ መመለስ ካለበትም ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ እጅ ብቻ፣ በመርፌው ጫፍ ማንሳት ነው።

ከዚያ ደግሞ አንዷ መጥታ «ተወጋሁ» ስትልዎት ከአፍዎ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ታጠብሽ?» ይሁን። «እንዴት?» የሚለው ነገም ይደርሳል።