እጃችሁ የለመደውን ይዛችሁ ተሻገሩ

ውድ ልጆቼ፣

«ሥራዬ አላረካኝም፤ ጥዬው የምወደውን ልጀምር ወይ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጥርስ ላቦራቶሪ ነው። ሰም ቀርጬ፣ አክሪሊክ የሚባለውን ፕላስቲክ አብስዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መስኮት ሥር በዘረጋሁት ጠረጴዛ ላይ፣ ከፖሊመር ክሌይ የጆሮ ጌጥ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ጀበናና መሶብ እየሠራሁ እሸጣለሁ። በዚህ ሥራ ደስተኛ ነኝ፤ ግን የቀድሞውን ጠልቼ የመጣሁበት አይደለም።

ፖሊመር ክሌይ ስሙ ጭቃ ይሁን እንጂ አፈር የለበትም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከማለስለሻ ፈሳሽና ከቀለም ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። በአየር አይደርቅም፤ እንደየዓይነቱ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይጠነክራል። ሙቀቱ ካነሰ የሚሰበር ይሆናል፤ እጅግ ካለፈ ይጠቁርና የሚጎዳ ጋዝ ይለቃል። እንግዲህ ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው? አክሪሊክም ቸኩላችሁ ካሞቃችሁት ውስጡ አረፋ ይቋጥራል። ሙቀትን በዓይን ግምት እንዳላምን ያስተማረኝ ላቦራቶሪው ነው። የታካሚን ጥርስ ቀለም ከአጠገቡ ካለው ጋር ስታመሳስል የኖረች ዓይን የመሶብን አለላ ቀለም ለመደባለቅ አትቸገርም።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ሒሳብ ስትሠሩ የቆያችሁ ወጪ መቁጠር፣ ነርስ የነበራችሁ ንጽሕናና ትዕግሥት፣ ልብስ የሰፋችሁ ልክና ቅርጽ ታውቃላችሁ። «ከዜሮ ልጀምር» የሚል ሰው ያን ሁሉ ዓመት ሜዳ ላይ ይበትነዋል። ክሌዩ ራሱ የመጣበትን ታሪክ ተመልከቱ፤ ጀርመናዊቷ አሻንጉሊት ሠሪ ኬተ ክሩሰ ለሥራዋ አልሆነላትም፤ ልጇ ፊፊ ግን ይዛው ቀለም ጨምራበት ለሌላ ጥቅም አዋለችው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤበርሃርድ ፋበር የተባለው ድርጅት ከእሷ ገዛው፤ ዛሬ ፊሞ ብለን የምናውቀው የክሌይ ዓይነት እሱ ነው።

ደመወዛችሁን ግን ዛሬ አትልቀቁ። ክሌዩ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እንዴት እንደሚዘል ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ገዢ ሳታገኙ ብዙ ቀለም አትሰብስቡ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ካላችሁ ሌላውን እየደባለቃችሁ ታገኙታላችሁ። ክሌዩን እየጠበሳችሁ ሳለ መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ፖሊመር ክሌይ ደግሞ ቢጋገር አይበላሽም፣ ሲመጣ ጊዜውን ከመጀመሪያው ቆጥራችሁ መልሱት። ቀቅሎ ማጠንከር ግን እዚህ አይሆንም፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለችና ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለክሌይ የተጠቀማችሁበትን መዳመጫና ቢላ ወደ ምግብ ማዕድ አትመልሱት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንዲት የተማረች ልጅ «ጌጥ ሠሪ ነኝ» ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይላል። አገራችን ባለእጅን ስትንቅ ኖራለች፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጀበናችንን፣ ምጣዳችንን እየሠሩልን ስድብ ጠጥተዋል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ኀፍረቱ በእኛ ቤት አለ። ወላጆቻችሁ «ለዚህ ነው ያስተማርንሽ?» ቢሏችሁ አትጣሏቸው፤ የፈሩላችሁ ነው። ሥራውን አሳዩአቸው፣ የሸጣችሁበትንም ደብተር።

ዋጋም አትፈሩ። የክሌዩን፣ የመንጠልጠያውን፣ የመብራቱን፣ ከዚያም የሰዓታችሁን ደምራችሁ ጠይቁ። ዘመድ «ለእኔማ በነፃ» ይላል፤ ለሠርግ ወይም ለክርስትና ስጡ፣ በሌላ ጊዜ ግን ተቀበሉ። በነፃ የለመደ ሰው ሥራችሁን ለሌላው ሲያሳይ ዋጋውንም በነፃ ያወራላችኋል።

ለመጀመር ስትነሡ አንድ ነገር ምረጡ፤ ጀበና ከሆነ ጀበና። አንገቱ እስኪቀጥን፣ ጆሮው ሳይሰነጠቅ እስኪወጣ ደጋግሙት፤ ወደ ሌላ አትዝለሉ። በውኃ እያረጠባችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ አይገባም። ኦቨን ስትገዙም የራሱ መቆጣጠሪያ የሚያሳየውን አትመኑ፤ ውስጡ የምታስቀምጡት ቴርሞሜትር አብራችሁ ግዙ።