ከቤቱ በፊት ምጣዱን አስመዝግቢ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ውሉ በእናቴ ስም ነው፤ እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በጓሮ በኩል ወንድሜ ጭቃ ቤት ቀጥሎ ከነሚስቱ ይኖራል። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሦስት ምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። ማድ ቤቱን በቆርቆሮ የሠራሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ባለፈው ወር ሰዎች መጥተው በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ቀጥሎ ስብሰባ ተጠራን። «ሰፈሩ መልሶ ይለማል፣ ምትክ ቤት ታገኛላችሁ፣ ፈርሙ» ተባልን። የት ነው ስንል «ዳር አካባቢ» ብቻ ነው መልሱ። ወንድሜ «ውጭ አገር እኮ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ነው የሚፈርሰው» ይላል። እውነት ነው? ከጎረቤት ገሚሱ ደግሞ ቤቱ ቀርቶ ብር ይሰጠን ይላል። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?
ግራ የገባኝ፣ ከሂርማታ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ያነበብኩት ስለ ቆርቆሮው ማድ ቤት ብዬ ነው።

እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሜትር ይዘው ሰፈር ለሰፈር ከሚዞሩት አንዱ ነበርኩ። የሚነሱ ቤቶችን እለካለሁ፣ በቅጽ ላይ እሞላለሁ። አንድ ቀን እንዳንቺው እንጀራ የምትጋግር ሴት ግቢ ገባን። ማድ ቤቷ ሦስት በሁለት ሜትር ብትሆን ነው። የጣራው ማገር በጭስ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ያበራል። ጥግ ላይ ሁለት የቡሆ በርሜል፣ አንድ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ የተደራረበ ሰፌድ። ሴትዮዋ ቡና አቀረበችልን፤ ጠጣሁ። ከዚያ ቅጹ ላይ «ጊዜያዊ ግንባታ፣ አይቆጠርም» ብዬ ጻፍኩ። መመሪያው እንደዚያ ነበር፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም። ምትክ ቤት ደረሳት። ከዓመት በኋላ ያገኘኋት መንገድ ዳር ቆሎ ስትሸጥ ነው። «ቤቱስ?» አልኳት። «ቤቱማ ደህና ነው» አለችኝ። ደህና ነበር፤ ግን ደንበኞቿ ያሉት ከዚያ ርቀው ነው።

ስለዚህ ከፊርማው በፊት ስለ ሥራሽ እናውራ።

ቤቱ ያንቺ አይደለም፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። እናትሽ ስትከፍል የኖረችው ያንን ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲፈርስ የግድግዳና የጣራ ካሳ አይከፈልሽም። መብትሽ ያለው ምትክ ቤቱ ላይ ነው። «ብር ይሰጠን» የሚሉት ጎረቤቶችሽ የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆኑ የሚጠብቁት ብር ብዙ እንደማይሆን ንገሪያቸው። የግል ይዞታ ያለው ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ ለንብረቱ ካሳ፣ ምትክ ቦታም አለው።

ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ አንዲት ቃል አለች። መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ «ኑሯቸው የተነካባቸው» ሰዎችም ተመጣጣኝ ማካካሻ ይገባቸዋል ይላል። ኑሮ ነው የሚለው። ያንቺ ኑሮ ምጣዱ ነው።

እና ምን ታደርጊያለሽ? ከሦስቱ ምግብ ቤቶች አንድ አንድ ወረቀት አጽፊ። «ከዚህ ዓመት ጀምሮ በቀን ይህን ያህል እንጀራ ትሰጠናለች» ይበሉ፣ ማኅተም ያድርጉበት። የንግድ ፈቃድ ካለሽ ኮፒውን፣ ከሌለሽ የመብራት ደረሰኝሽን ያዢ። የማድ ቤቱን ፎቶ በስልክ አንሺ፤ ምጣዱ እየጋገረ፣ አንቺም እየታየሽ። ቆርቆሮውን ስትሠሪ ከቀበሌ ያስፈቀድሽበት ወረቀት ካለ ወርቅ ነው፣ ፈልጊው። ይህን ሁሉ ከማመልከቻ ጋር አስገቢና በኮፒው ላይ የገቢ ቁጥር አስጽፊ። «በቃል ነግሬያቸዋለሁ» የሚል ሰው በሥራ ዘመኔ አንድም ሲሳካለት አላየሁም።

ቀጥሎ የእናትሽ ስም። ነፍሷን ይማር፤ ግን ውሉ በሟች ስም ተቀምጦ ቆጠራ ከደረሰ ክርክር ያመጣል። እኔ በሠራሁበት ጊዜ አብሮ ይኖር የነበረ ልጅ ውሉን ወደ ስሙ ያዞር ነበር። አሁኑኑ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ማስረጃና የኪራይ ደረሰኞቹን ይዘሽ ጠይቂ። ያልተከፈለ ወር ካለ ክፈዪ። አራት ዓመት ዝም ማለትሽ አልገረመኝም፤ ሁሉም ሰው ቀዩ ቀለም በሩ ላይ እስኪታይ ዝም ነው።

የወንድምሽ ነገር ይከብዳል። ውሉ አንድ ከሆነ እሱ የሚታየው እንደ ደባል ወይም እንደ ቤተሰብ ነው። «ሁለት አባወራ ነን» የምትሉ ከሆነ ሁለት መታወቂያ፣ ሁለት የቤተሰብ ምዝገባ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ቆጣሪም ለየብቻ ከሆነ ይረዳል። እነዚህ ከሌሉ ለሁላችሁም አንድ ቤት ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያኔ ወንድም ከእህት ይጣላል። ስንት ቤተሰብ በዚህ ሲበተን አይቻለሁ፤ አሁን ቡና እየጠጣችሁ ተነጋገሩበት።

ፊርማው። ቤቱን ሳታዪ አትፈርሚ። ቅጹ በአፋን ኦሮሞ ከሆነና ቁቤ ማንበብ ካስቸገረሽ የሚያነብልሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። «ተሰብስቤያለሁ» ብሎ መፈረምና «ተስማምቻለሁ» ብሎ መፈረም ለየቅል ነው። በስብሰባ ላይ የሚዞረው የስም ዝርዝር ከላይ ምን ርዕስ እንዳለው እዪ። እኔው ራሴ ባዶ ርዕስ ያለው ወረቀት ሲዞር አይቻለሁ።

ሕጉን ማወቅም አይከፋም። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺ ከመነሳቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲያውቅና እንዲወያይ ይላል፤ አስቸኳይ ሲሆን ያጥራል። ቅር የተሰኘ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ ያመለክታል፣ ከዚያ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። አዋጁ በኋላ ስለተሻሻለ የተሻሻለውንም ጨምረሽ ጠይቂ። ሠላሳ ቀኗን ግን አትርሺ። ሰው ሁሉ የሚያረፍደው እሷን ነው።

ቤቱን ስታዪ ምን ታዪያለሽ? ሰው ቁልፍ ሲሰጠው ግድግዳና መጸዳጃ ያያል። መጸዳጃውን ማየትሽ ትክክል ነው። በጅማ ክረምት ለጋራ ሽንት ቤት በዝናብ ወረፋ የቆመ ሰው «ሰፈሬ፣ ሰፈሬ» እያለ አያለቅስም፤ እኔም ጭቃ ቤት በመናፈቅ አላምንም። ግን ምጣዱን የምትተክይበትን ቦታም እዪ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ምጣድ ብትሰኪ መጀመሪያ የሚጠፋው ያንቺ መብራት ነው፣ ቀጥሎ ጎረቤትሽ ይመጣል። በእንጨት ልጋግር ብትዪ ደግሞ ጭሱን የት ታደርሺዋለሽ? ለኮንዶሚኒየም ተብሎ የተነደፈው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ለእንጀራ፣ ለልብስና ለእርድ የታሰበ ነበር። አንዱን ሄጄ ሳየው መጋዘን ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ «የጋራ ማድ ቤት አለ ወይ? ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መሬት ላይ ያለ ክፍል ይሰጠኝ ብለሽም በጽሑፍ አመልክቺ፤ ምክንያትሽ በማስረጃ ተደግፏል።

ከዚያ የባጃጁን ሂሳብ። ከአዲሱ ቤት እስከ ምግብ ቤቶቹ በኮንትራት ስንት ነው? በቀን ሁለቴ፣ በወር ስንት? ያንን ከእንጀራ ትርፍሽ ቀንሺ። ቤቱ የሚከፈልበት ከሆነም ጨምሪበት። አዲስ አበባ ላይ የ20/80 ቤት 20 በመቶው በቅድሚያ፣ ቀሪው በባንክ ብድር ነበር። ያንን መክፈል ያቃታቸው ቤቱን አከራይተው እነሱ ሌላ ጭቃ ቤት ተከራይተው ገቡ። አንቺ ጋ የሚሰጠው በኪራይ ነው በግዢ? ይህም አልተነገረሽም፤ ጠይቂ።

አሁን ወደ ወንድምሽ የውጭ አገር ወሬ። ግማሹ እውነት ነው። ለንደን ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ከከንቲባው ገንዘብ የሚወስድ የማፍረስ ፕሮጀክት የነዋሪውን ድምፅ ማግኘት አለበት። ይህ ደንብ ግን የመጣው ብዙ ከፈረሰ በኋላ ነው። ሄይጌት የሚባል ከ1,000 በላይ ቤቶች የነበሩት የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነበር። በእ.ኤ.አ. 1974 ተሠርቶ አለቀ፤ በእ.ኤ.አ. 2014 አፍርሰው ጨረሱት። ቦታው ላይ ከ2,000 በላይ ቤት እንዲሠራ ዕቅዱ ሲጸድቅ እንደ ድሮው በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጡት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተበተነ፤ ወደ ከተማው ዳር የወጣም አለ። እንግሊዝም «ዳር አካባቢ» አለች ማለት ነው። ለወንድምሽ ንገሪው፣ ድምፅ መስጠት ጥሩ ነው፣ የሚመለሰው ሰው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ግን ይቀድማል። ለኮሚቴያችሁም ይህንኑ ጥያቄ ስጡት፦ ሲለማ ከእኛ ስንቱ ይመለሳል?

ዕድሩን ልተው አልችልም። የ2011ዱ አዋጅ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚለውን በስሙ ጠርቶ ካሳ ውስጥ አስገብቶታል። ሰነዱ ላይ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን ድንኳኑን ማን ይወስዳል? የማውቀው አንድ ዕድር ሰፈሩ ሲነሳ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ድንኳን አንድ፣ ድስት አሥራ ሁለት፣ ወንበር መቶ። ድስቱን አራት አራት አድርገው ተካፈሉ፣ በድንኳኑ ተጣሉ። በመጨረሻ ድንኳኑ የጸሐፊው ግቢ በዝናብ በሰበሰ። እናንተ ከመነሳታችሁ በፊት ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ «አባላቱ በአንድ ብሎክ ይመደቡልን» ብላችሁ አመልክቱ። ዕጣው በሰው ሳይሆን በጉርብትና እንዲወጣ ጠይቁ። ሁልጊዜ አይሰጥም። ሲሰጥ ግን አይቻለሁ፤ የጠየቁት ብቻ ናቸው ያገኙት።

የመጨረሻ ነገር፣ ልሂድ ካልሽ በነሐሴ አትሂጂ። በጅማ ጭቃ የቡሆ በርሜል የጫነ ጋሪ መግፋት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ እዚያው ሰፈር የግለሰብ ቤት ተከራይ ነኝ። ለባለቤቱ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል አሉ። ለእኔስ?
ተከራዩ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅጹ ላይ ያንተ ሳጥን የለም። እኔ ስሞላው «ተከራይ» የሚል ቦታ ፈልጌ አጥቼ ኅዳጉ ላይ የጻፍኩበት ጊዜ አለ፤ ማንም አላነበበውም። ከአከራይህ ጋር የጽሑፍ ውል ከሌለህ ዛሬ ተዋዋል። ማስታወቂያው ሲደርሰው በዚያው ቀን እንዲነግርህ በውሉ ላይ አስገባ፤ ብዙ አከራይ እስከ መጨረሻው ወር ኪራይ ለመቀበል ብሎ ይደብቃል። አዲስ ቤት ስትፈልግ ስድስት ወር ቅድሚያ አምጣ ይሉሃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። አሁኑኑ መፈለግ ጀምር፤ ሰፈር ሲነሳ በአቅራቢያው ያለ ኪራይ በሳምንት ውስጥ ነው የሚወደደው።