ሊብሬው ላይ ስም ካልተቀየረ መኪናው አልተሸጠም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምትኖሪው። አማ (የአማራ ክልል ታርጋ) ኮድ 2 (የግል) ቪትዝ ልትሸጪ ነው፤ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) በባለቤትሽ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ ውጭ አገር ነው። ገዢው የደባርቅ ሰው ነው፤ «ስም ማዛወሩ ይቆይ፣ ለጊዜው ውክልና ስጪኝና ገንዘቡን ዛሬውኑ ልክፈልሽ» ብሎሻል። ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ፣ ከየት እንደሚጀመርና ወጪው የማን እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ «ውክልና ይበቃል፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሸጠው» ብለዋል። ብዙ ሰው እንደዚያ እንደሚሸጥ እውነት ነው። መዘዙ የሚመጣው ግን ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ላስረዳ።

ውክልና ማለት «በእኔ ስም ሥራልኝ» ማለት ነው፤ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ገዢው ቁልፉን ይዞ ቢሄድም ፋይሉ ላይ ያለው ስም የባለቤትሽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የሚነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ያ ቪትዝ ነገ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ሰው ቢጎዳ፣ ፍርድ ቤት ባለቤቱ ማን ነው ሲል መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬውንና የመንገድ ትራንስፖርቱን ፋይል ነው። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ብቻ ስለሆነ ቀሪው ወደ ባለቤቱ ይመጣል። መኪናው በመተማ መንገድ ኮንትሮባንድ ጭኖ ቢያዝም መጀመሪያ የሚጠራው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው።

ገዢውም ቢሆን ራሱን እየጎዳ ነው፤ ይህን ብትነግሪው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ውክልና ሰጪው በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው አብሮ ይቀራል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ነው ዕጣው። የባለቤትሽ አበዳሪ ቢከስና እግድ ቢያወጣም እግዱ የሚያርፈው በዚሁ መኪና ላይ ነው፤ ምክንያቱም በወረቀት ንብረቱ አሁንም የባለቤትሽ ነው።

በአንቺ ጉዳይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። አንቺ ራስሽ የምትሠሪው በባለቤትሽ ውክልና ነው። በውክልናው ላይ «ሌላ ሰው እንድትወክል» የሚል ቃል ከሌለ ለገዢው ውክልና የመስጠት ሥልጣን የለሽም። ስለዚህ እሱ የጠየቀሽ ነገር ብትፈልጊም ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ውክልና። «ንብረቴን ሁሉ እንድታስተዳድር» የሚል ጥቅል ውክልና ካለሽ ለዚህ አይሠራም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 በጥቅል የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ መኪና መሸጥ ማስተዳደር አይደለም። ውክልናው ላይ ለመሸጥ፣ የሽያጭ ውል ለመፈረም፣ ገንዘብ ለመቀበል፣ በመንገድ ትራንስፖርት ቀርቦ ስም ለማዛወር የሚሉት አራቱም በግልጽ ይጻፉ፤ የታርጋ ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩም (መኪናው አካል ላይ የተመታው መለያ ቁጥር) አብረው ይግቡ። «ለመሸጥ» ብቻ ተብሎ «ስም ለማዛወር» የሚለው ስለቀረ ውሉ ተፈርሞ መስኮቱ ላይ የሚቆም ጉዳይ ብዙ ነው።

ባለቤትሽ በሚኖርበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ካለ እዚያ ቀርቦ ቢፈርም ይሻላል። በዚያ አገር ኖታሪ ፊት ከፈረመ ግን ሰነዱ በዚያው አገር ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ኤምባሲ መረጋገጥ አለበት፤ መንገዱ ይረዝማል። በሁለቱም መንገድ ዋናው ሰነድ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቦ ማኅተም ያርፍበታል፤ በስልክ የተላከ ፎቶ ማንም አይቀበልሽም። እዚህ ላይ በጣም የሚያጋጥም ስህተት ስም ነው። ሊብሬው ላይ ስም፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ የውጭ ፓስፖርት ላይ ግን የአያት ስም ይቀርና የአባት ስም ብቻ ይሆናል፣ አጻጻፉም ይለወጣል። ውክልናው ላይ ስሙ ልክ እንደ ሊብሬው እስከ አያት እንዲጻፍ አሁኑኑ ንገሪው። ከላከው በኋላ ማስተካከል ወር ይፈጃል።

የጋብቻ ማስረጃሽንም አዘጋጂ። በትዳር ውስጥ የተገዛ መኪና የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ስለሚገመት አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ሆነ የፌዴራሉ በዚህ ላይ የተለያየ መንፈስ የላቸውም። ያለ ትዳር ጓደኛ ስምምነት የተሸጠ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። አንቺ ውሉ ላይ «ስለ ባለቤቴ በውክልና፣ ስለ ራሴም እንደ ትዳር ጓደኛ ተስማምቼ» ብለሽ በሁለቱም ወገን ፈርሚ። ይህን የምታነቡ ሌሎች ሻጮች ያላገባችሁ ከሆነ ከቀበሌ ያላገባ ማስረጃ፣ የተፋታችሁ ከሆነ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ፣ የትዳር ጓደኛ ከሞተ የወራሽነት ማረጋገጫ ያዙ።

ውክልናው እስኪደርስ ድረስ መኪናውን ከሊብሬው ጋር አመሳክሪ። ይህን ማንም አያደርገውም፤ ግን ስም ዝውውር በብዛት የሚቆምበት ቦታ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ እንደ መኪናው ዓይነት የተለያየ ቦታ ተመትቷል፦ በትንንሽ ቶዮታዎች ከሞተር ክዳን ሥር ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ብረት ላይ ወይም ከፊት ወንበር ሥር ወለሉ ላይ፣ በሃይሉክስ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማ አጠገብ ሻንሲው ላይ። ቅባትና አቧራውን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጥረጊና በባትሪ እያየሽ አንድ በአንድ አነጻጽሪ። በብረት ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳታሹት፤ የተፋቀ ቁጥር «ተነካክቷል» ተብሎ ለፖሊስ ምርመራ ይላካል። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ቪትዝ ባለ 17 አኃዝ ቁጥር የለውም፤ የሞዴል ፊደላት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር ነው ያለው፤ አጭር ነው ብለሽ አትደንግጪ። ባለ 17 በሆነው ላይ ደግሞ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ጭራሽ አይገቡም፤ ኦ የሚመስለው ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ሊብሬ የጻፈው ሰው ዜሮውን ኦ አድርጎት ከሆነ ስህተቱ የሚታረመው በባለቤቱ ጥያቄ ስለሆነ ገዢው ሳይመጣ አሳርሚ።

የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ የሞተሩ መግዣ ደረሰኝና በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል። ቀለም ተቀይሮ ከሆነም መመዝገብ አለበት።

ቀጥሎ ፋይሉ ወዳለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደሽ መኪናው ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን አጣሪ። ለገዢዎችም ይህን አጥብቄ እላለሁ፦ ኮፒ ሊብሬ ይዞ «ዋናው ቤት አለ» የሚል ሻጭ ካለ ዋናው ባንክ ወይም ብድር ተቋም ተይዞ ሊሆን ይችላልና ዋናውን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። የዘንድሮ ቦሎ፣ የትራፊክ ቅጣትና የሦስተኛ ወገን መድን የተሟሉ ይሁኑ፤ እነዚህ በልማድ የሻጩ ናቸው። የአንቺ ኮድ 2 ስለሆነ አይመለከትሽም እንጂ ኮድ 3 (የንግድ) ቢሆን የግብር ክሊራንስ ይጨመርበት ነበር። ከመተማና ከሁመራ በኩል በኢንቨስትመንት ከቀረጥ ነፃ የገቡ ፒክአፖችም ይሸጣሉ፤ እነዚህን ጉምሩክ ቀረጡን አስከፍሎ ወይም ፈቅዶ ካልለቀቀ ማንም ስም አያዛውርላችሁም፣ ዋጋው ስለረከሰ አትሳቡ።

ውሉ ራሱ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። የሁለታችሁ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ አድራሻ፣ የፋይዳ ቁጥር፤ የውክልናው ቁጥርና ቀን፤ የመኪናው ዓይነት፣ የተሠራበት ዘመን፣ ታርጋ፣ ሻንሲ፣ ሞተር፣ ቀለም፣ የኪሎ ሜትር ንባብ፤ ዋጋው በአኃዝና በፊደል፤ አከፋፈሉ፤ ስም የሚዛወርበት የመጨረሻ ቀን፤ የዝውውሩ ወጪ የማን እንደሆነ። መኪናው ያለበትን የምታውቂውን ጉድለት ጻፊው፦ ማርሹ ይንሸራተታል፣ ከዚህ ቀደም ተጋጭቶ በሩ ተቀይሯል፣ የሆነውን ሁሉ። የተጻፈ ጉድለትን ገዢው አውቆ ገዝቷል፤ አውቆ የደበቀ ሻጭ ግን «ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ» የሚለው ቃል አያድነውም። በመጨረሻም ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው ገደብ (መቀጫ) ይቀመጥ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1889 እና 1890)። ጽሕፈት ቤቶች በልማድ የሚደረድሯቸው 1731፣ 2005፣ 2266 ቢገቡም አይጎዱም፤ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው፣ የተጻፈ ማስረጃ ይታመናል፣ ይህ የሽያጭ ውል ነው የሚሉ ናቸው። ሥራ የሚሠሩልሽ ግን ቀኖቹና ገደቡ ናቸው። ሁለት ምስክር ይፈርም (ቁጥር 1727)፤ ደላላው ባይሆን እመርጣለሁ፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ማግኘት ያስቸግራል።

ዋጋውን አሳንሳችሁ እንድትጽፉ ይጠይቅሽ ይሆናል፣ ቴምብር እንዲቀንስለት። እምቢ በዪ። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ብዙ አይጠቅመውም፤ ውሉ ቢፈርስ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያውቀው የተጻፈውን ዋጋ ነው፤ ተጎጂው ራሱ ነው የሚሆነው።

ቀብድ ከተቀበልሽ ሕጉን እወቂው፦ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል (ቁጥር 1885)። የባለቤትሽ ውክልና እጅሽ ሳይገባ ቀብድ አትቀበዪ፤ ሰነዱ ቢዘገይ ወይም ባለቤትሽ ሐሳቡን ቢቀይር እጥፍ ከፋይ አንቺ ትሆኛለሽ።

የክፍያው ቀን እንዲህ ይሁን። ጠዋት ውሉን ይዛችሁ ሁለታችሁም ከምስክሮች ጋር ውልና ማስረጃ ትቀርባላችሁ፤ ዋና መታወቂያዎች፣ ዋናው ሊብሬ፣ ዋናው ውክልና፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ኮፒያቸው ሦስት ሦስት። ገንዘቡ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ሒሳብሽ ይግባ ወይም ሲፒኦ (ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ይዞ ይምጣና ባንኩ ያረጋግጥልሽ። የተላከ የሚመስል የስልክ ምስል ማስረጃ አይደለም፤ ባንክሽ ሄደሽ ወይም በራስሽ መተግበሪያ ሒሳብሽን እይ። ውሉ ከጸደቀ በኋላ ሊብሬውን ለእሱ ሰጥተሽ ወደ ቤት አትሂጂ። አብረሽው መንገድ ትራንስፖርት ግቢ። ምርመራው ይደረጋል፣ ግምቱ ይወጣል፣ የአገልግሎት ክፍያውና የቴምብር ቀረጡ ይከፈላል። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ለባለቤትነት ስም የተቀመጠው ከዋጋው 2 በመቶ ነው፤ በ800 ሺህ ብር መኪና 16 ሺህ ማለት ነው። ይህ በልማድ የገዢው ነው፤ ገዢው «ይቆይ» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። ዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሰሽለት ዛሬውኑ ቢያዛውር ከሁለታችሁም አትራፊ አንቺ ነሽ።

ገዢው የደባርቅ ሰው መሆኑ አያስቸግርም። ታርጋው አማ ስለሆነ ክልሉን አይለቅም፤ ስሙ ግን ፋይሉ ባለበት በጎንደር ይዛወር፣ ፋይሉን ወደ ዞኑ መውሰድ ከዚያ በኋላ የእሱ ሥራ ነው። አአ ታርጋ ያለው መኪና ጎንደር ውስጥ የምትገዙ ሰዎች ግን ፋይሉ አዲስ አበባ ያለ ቅርንጫፍ ውስጥ ስለሆነ ዝውውሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው፤ የጉዞውን ወጪ ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተነጋገሩበት።

በስሙ መዛወሩን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ቁልፉን ስጪ፤ የርክክብ ወረቀትም ጻፉ። ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ ይግባበት፣ «ከቀኑ 9፡30» ተብሎ፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ አደጋ ቢደርስ በማን እጅ እንደነበር የሚለየው ይህ መስመር ነው። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ትርፍ ጎማና ሁለተኛው ቁልፍ ይዘርዘሩ። በማግስቱ የመድን ድርጅቱን በጽሑፍ አሳውቂና በፈረሙበት ኮፒ ተቀበዪ፤ ሙሉ መድን ካለሽ ቀሪው ጊዜ ወይ ወደ ገዢው እንዲዞር ወይ እንዲሰረዝ ጠይቂ። የውሉን፣ የርክክቡን፣ የክፍያውንና በአዲሱ ስም የወጣውን ሊብሬ ኮፒ አንድ ፋይል ውስጥ አድርገሽ 10 ዓመት አቆዪ፤ በውል ላይ ለሚነሳ ክስ በጠቅላላው የተቀመጠው የይርጋ ዘመን ይኸው ነው።